ሁለት የግራ እጅጌ

ከብዙ ዓመታት በፊት በዚያ መንገድ ይመላለስ የነበረ ሰው ሁሉ ጆሮው ውስጥ የቀረ አንድ ድምፅ አለ። ትክ-ትክ-ትክ-ትክ ይልና ይቆማል። ቀጥሎ ጎርነን ያለ የወንድ ድምፅ «እንግዲህ ጌታዬ፣ ትናንት ያጫወትኩህ ነገር ከምን ደረሰ?» ይላል። ጥቂት ዝምታ ይሆናል። ከዚያ «እሺ፣ እንዳልክ» ይልና እንደገና ትክ-ትክ-ትክ-ትክ። ለመንገዱ እንግዳ የሆነ ሰው በዚያች ጠባብ ሱቅ ውስጥ ሁለት ሰዎች የሚያወጉ እየመሰለው አንገቱን አስግጎ ያያል። የሚያየው ግን አንድ ቀጭን ልብስ ሰፊ፣ አንድ በእግር የሚረገጥ የስፌት መኪና፣ አንድ የከሰል ካውያና ለደንበኛ የተቀመጠ ባዶ ወንበር ብቻ ነው። ነባሩ ሰው ግን ዘወር ብሎም አያይ፤ «ጋሽ ሜትር ከጌታው ጋር እየተጫወተ ነው» ብሎ መንገዱን ይቀጥላል።

«ጋሽ ሜትር» ሰፈሩ ያወጣለት ስም ነው። የመለኪያ ሜትሩ ከአንገቱ ወርዶ አያውቅም። ሲበላ አንገቱ ላይ ነው፤ ጢሙን ሲላጭ አንገቱ ላይ ነው፤ ለመታወቂያ ፎቶግራፍ ሲነሣ እንኳ አንገቱ ላይ ስለነበር መታወቂያውን ያየ ሁሉ «የእርስዎ ከረባት ቁጥር አለው እንዴ?» ይለዋል። እሁድ እሁድ ባለቤቱ ከቤታቸው ደጃፍ ላይ አስቁማ «አንገትህን!» ትለዋለች፤ እርሱም እንደ ተማሪ ደንገጥ ብሎ ሜትሩን ጠቅልሎ ኪሱ ይከተዋል። ስብከቱ ሳይጋመስ ግን ሜትሩ ተመልሶ አንገቱ ላይ ነው። እንዴት እንደ ወጣ ያየ ሰው የለም፤ እርሱ ራሱም አላየም።

ጸሎቱም እንደ ሜትሩ ነበር፤ ከላዩ አይወርድም። ጠዋት ከአልጋው ሲነሣና ማታ ሊተኛ ሲል እንደ ማንኛውም ክርስቲያን ይንበረከካል። ይህን ግን እንደ ሰላምታ ነበር የሚቆጥረው። ዋናው ጨዋታ ሱቁ ተከፍቶ፣ እግሩ የመኪናው መርገጫ ላይ ካረፈ በኋላ ነው። ከረጅም ጊዜ ልማድ የተነሣ ምላሱና ቀኝ እግሩ ተቆላልፈው ቀሩ፤ አንዱ ሲንቀሳቀስ ሌላው ዝም ብሎ መቀመጥ አይችልም። ስለዚህ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ «እንጸልይ» በተባለ ቁጥር የጋሽ ሜትር እግር ወለሉን መርገጥ ይጀምራል፤ ረጅሙ የእንጨት አግዳሚም ከዳር እስከ ዳር ይርገፈገፋል። አብረውት የሚቀመጡት አሮጊቶች በመጀመሪያ ተያይዘው ይንጫጩ ነበር። በኋላ ግን ለመዱት፤ ከመካከላቸው አንድ አሮጊት እንዲያውም መርገፍገፉ ጉልበታቸውን እንደሚያፍታታላቸው ደረሱበትና ከእርሱ አጠገብ ለመቀመጥ ማልደው መምጣት ጀመሩ።

ድምፁን ዝቅ ማድረግ ደግሞ አልፈጠረበትም። «ጌታ እኮ ጆሮው ደኅና ነው፤ ምን ያስጮኽሃል?» ትለዋለች ባለቤቱ። «የመኪናው ድምፅ እንዳይሸፍነኝ ብዬ ነው» ይላታል። በዚህ የተነሣ መንገዱ በሙሉ ጸሎቱን ይሰማል።

«ጌታዬ፣ ይህ የዳቦ ጋጋሪው ሱሪ ነው። አምና አሰፋሁለት፤ ዘንድሮም አስፋልኝ ብሏል። ከእንግዲህ የምለቅለት ስፌት የለኝም። ወይ ጨርቁን አብዛልን፣ ወይ ሆዱን ቀንስለት። የቀለለህን አድርግ።»

ዳቦ ጋጋሪው ከመንገዱ ማዶ እጁ ሊጥ እንደሆነ ብቅ ይላል። «ጨርቁን! ኧረ ጨርቁን በለው!»

ይህ ሐሜት መስሎ የሚታየው ሰው ካለ ተሳስቷል። ጋሽ ሜትር አንድ ደንብ ነበረው፤ ለሰውየው ፊት ለፊት ያልተናገረውን ነገር ወደ ላይ አይናገርም። ስለ ዳቦ ጋጋሪው ሆድ መጀመሪያ የነገረው ለራሱ ለዳቦ ጋጋሪው ነው፤ ያውም ሜትሩን ወገቡ ላይ ጠምጥሞ። «ከሰው ደብቄ ወደ ላይ የማወራ ከሆነ ነገር አመላላሽ ሆንኩ እንጂ መች ጸለይኩ?» ይል ነበር።

ሥራውም ከጸሎቱ አይለይም። በልብስ ሰፊዎች ዘንድ ገና መቀስ ያላየውን ጨርቅ «ቁልፍ ብቻ ነው የቀረው» ማለት ከሙያው እንደ አንዱ ክፍል ይቆጠራል። ጋሽ ሜትር ግን «ልብሴ ደረሰ ወይ?» ሲሉት «አልነካሁትም» ይላል። «መቼ ይደርሳል?» ሲሉት «ካልታመምኩ ረቡዕ» ይላል፤ ረቡዕም ልብሱ ተተኩሶ ተሰቅሏል። ደንበኞቹ ይህን ለመልመድ ጊዜ ወሰደባቸው። «ደረሰ እንዴ? እኔ እኮ ልጨቀጭቅህ ብቻ ነበር የመጣሁት» ብለው ቅር ብሏቸው ልብሳቸውን ይዘው የሚሄዱ ነበሩ።

ጎረቤቱ ጫማ ሰፊው በዚህ በኩል የእርሱ ተቃራኒ ነው። ሁለቱን ሱቆች የሚለያያቸው አንድ ስስ ሳንቃ ነው። ጫማ ሰፊው ደግ ሰው ነበር፤ ያለውን ያካፍላል፤ ብቻ ውሸቱ እንደ ትንፋሹ ነው፣ ሲያወጣው አይታወቀውም። «ነገ ና» ያላቸው ሰዎች አግብተው ወልደው፣ ልጆቻቸው ናቸው ጫማውን ሊጠይቁ የሚመጡት እየተባለ ይቀለድበታል። የጋሽ ሜትርን ጸሎት በሳንቃው በኩል እየሰማ «እኔንም አንሣኝ! ማስቲሽ አልቆብኛል በለው!» ይላል።

እንግዲህ ጉዱ የፈላው በጋሽ ሜትር ሴት ልጅ ሰርግ ነው። ልጅቱ ለእናትና ለአባቷ አንድያ ናት፤ የምታገባውም የተቆጣጣሪውን ልጅ ነው። ተቆጣጣሪው ዕድሜ ልኩን በአውቶቡስ ላይ ትኬት ሲቆጣጠር ኖሮ ጡረታ የወጣ ረጅም፣ ደንዳና ሰው ነው። እርሱ ጡረታ ይውጣ እንጂ ዓይኑ ጡረታ አልወጣም። በመንገድ ሲያልፍ ሰዎች ሳይታወቃቸው ኪሳቸውን ይዳብሳሉ። ከቃላት ሁሉ የሚወደው «አሳይ!» የሚለውን ሲሆን፣ ለሚያከብረው ሰው ደግሞ «ያሳዩኝ!» ይላል። በአክብሮትና በቁጣ መካከል ያለው ልዩነት ለእርሱ ይኸው ብቻ ነው። ቂሙም የታወቀ ነው። ወንድሙ የተዋሰውን ጃንጥላ አንዱን ዘንግ ሰብሮ ስለ መለሰለት ከዚያ ወዲህ ሁለቱ ወንድማማቾች ዝናብ ቢዘንብም ባይዘንብም አይነጋገሩም።

ይህ ሰው አንድ ቀን በጋዜጣ የተጠቀለለ ጨርቅ እንደ ሕፃን ታቅፎ ወደ ሱቁ ገባ። ጡረታ ሲወጣ የሥራ ጓደኞቹ አዋጥተው የሰጡት ሱፍ ነው፤ ሰማያዊ የሚመስል ግራጫ፣ እንደ ፀጉር የቀጠነ መስመር ያለበት። የልጁን ሰርግ እየጠበቀ ሣጥን ውስጥ ሲያኖረው ከርሟል።

«እንዲህ ያለ ጨርቅ አሁን የለም» አለ። «የሠራውም ፋብሪካ ተዘግቷል። ቁመቴን ያውቁታል፤ ከጨርቁ ጋር ልክ ለልክ ነን። ጣት የምታህል ትርፍ የለም።»

«አይቼዋለሁ።»

«ይህን ካዋጡልኝ ጓደኞቼ ገሚሶቹ ዛሬ በሕይወት የሉም። እንግዲህ አደራ።»

«አደራዎን ተቀብያለሁ» አለ ጋሽ ሜትር፤ ጨርቁንም ጠረጴዛው ላይ አስተኛው።

ሱሪው ሥራው ቀላል ነበር፤ አለቀ። የኮቱም አካል ተቆረጠ። የቀረው እጅጌ ነው። ጨርቁ ፊትና ጀርባ አለው፤ ፊቱ ልስልስ፣ ጀርባው ሻካራ ነው። ስለ ጠበበ ለሁለት አጥፎ ሁለቱን እጅጌ በአንድ ጊዜ መቁረጥ አልተቻለም። አንዱን ቆርጦ፣ የወረቀቱን ልክ ገልብጦ ሌላውን መቁረጥ ነው። ይህን ማንም ጀማሪ ያውቀዋል። ጋሽ ሜትር ግን በዚያ ጠዋት ደስታ በደስታ ሆኖ ነበር።

«ጌታዬ፣ እንደምን አደርክ! ልጄን ልትድርልኝ ነው አይደል? ያቺ የመርፌ ማስቀመጫዬን ከረሜላ ነው ብላ አፏ ውስጥ የከተተችው! ምን ብዬ ላመስግንህ? ባሏም ጨዋ ነው። አባትየው ትንሽ ኮስተር ይላሉ፤ ይህንንም ነግሬያቸዋለሁ። ግን ሰው ናቸው። ሃሌ ሉያ!» መቀሱ ሽርክት ሽርክት ይላል፤ ቀኝ እግሩ መርገጫ በሌለበት ወለሉን ይደልቃል፤ ጫማ ሰፊው ከወዲያ «አሜን! ሚስማሬን አታፍስብኝ እንጂ!» ይላል።

ሲጨርስ ሁለቱን እጅጌዎች ጎን ለጎን አስቀመጣቸው። ፊት ለፊት ሊተያዩ ሲገባ እንደ ተሰለፉ ወታደሮች አንድ ወገን ያያሉ። አንዱን ገለበጠው፤ ሻካራው ወደ ላይ ወጣ። መለሰው። ሌላውን ገለበጠ። መለሰው። ራሱ በጠረጴዛው ዞሮ ከወዲያ በኩል አያቸው። ከወዲያም ሲያያቸው ሁለቱም የግራ ናቸው።

ክው አለ።

«ጌታዬ» አለ ቀስ ብሎ፣ በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ቆመህ እያየኸኝ? ብትስል ምን ነበረበት?»

ባለቤቱ ምሳውን ይዛ ስትገባ ከጠረጴዛው ሥር ተቀምጦ አገኘችው። ጨርቁን ካየች በኋላ እርሷም አጠገቡ ተቀመጠች። ጫማ ሰፊው ከወዲያ ዝም ብሎ መስማት አቅቶት መጣና ሁለቱን ወለል ላይ ሲያያቸው መርፌ የጠፋባቸው መስሎት አብሮ መፈለግ ጀመረ።

«መርፌ አይደለም» አለችው። «ሁለት ግራ እጅጌ ቆርጧል። በተቆጣጣሪው ሱፍ!»

ጫማ ሰፊው ፉጨቱን ለቀቀ። «ዓይንህን ጨፍነህ ነው የምትጸልየው?»

«ዓይኔስ ተገልጦ ነበር። ልቤ ነው ላይ የነበረው።»

«ለአንድ የጃንጥላ ዘንግ ወንድሙን የተወ ሰው ለአንድ እጅጌ ምራቱን ሊምር ነው?» አለች ባለቤቱ፣ ፊቷን በነጠላዋ ጫፍ ሸፍና። «የልጄን ሰርግ በእጅጌ አፈረስከው! ቢያንስ በሙሉ ኮት ብታፈርሰው አንድ ነገር ነው!»

«ቆይ፣ ቆይ» አለ ጫማ ሰፊው። ዓይኑ በራ፤ እንዲህ ያለ ነገር ሲመጣ ነው ሙያው የሚታየው። «ካውያውን አግለውና ያንን እጅጌ እሳት አስልሰው። ‹ከሰሉ ፈንጥቆ አቃጠለው› በል። አደጋ ነው! በአደጋ ማን ይቀየማል? ከፈለግህ እኔ ‹እሳቱን ሳጠፋ ነበርኩ› ብዬ እመሰክራለሁ። ጣቴንም እንደ ተቃጠለ ሰው በጨርቅ እጠመጥማለሁ።»

ባለቤቱ ፊቷን ከነጠላው አወጣች። «እውነቱን እኮ ነው። ጨርቁ እንደሆነ ተበላሽቷል። ካውያ ቢሆን፣ መቀስ ቢሆን ምን ልዩነት አለው? አንተ ደግሞ ምንም አትበል፤ እኛ እናወራለን። አንተ ራስህን ብቻ ነቅንቅ።»

ጋሽ ሜትር ሁለቱን እጅጌዎች አንሥቶ ጠቀለለ። እነርሱ ከሄዱ በኋላ ግን፣ እግዜር ያሳያችሁ፣ ካውያውን ከሰል ሞላው። ሲግል አነሣው። እጅጌውን ዘረጋ። ካውያውን ከጨርቁ በላይ ስንዝር አድርጎ ይዞ እንደ ልማዱ «ጌታዬ፣ እንዴት ነው፣ ልጫነው?» ሊል አፉን ከፈተ፤ ምላሱ ተሳሰረ። እንዲህ ያለ ነገር ለማን ይጠየቃል? ካውያውን መልሶ ማስቀመጫው ላይ አሳረፈው።

እንግዲህ አይዋሽም፤ ይህን ወሰነ። ግን ደግሞ ለተቆጣጣሪው ሄዶ መናገርም አልቻለም፤ የሴት ልጁ ሳቅ በዓይኑ ላይ ይመጣበታል። «ለጊዜው ዝም እላለሁ» አለ በልቡ። «ዝም ማለት ውሸት አይደለም።»

ችግሩ ዝም ማለት ለጋሽ ሜትር የማያውቀው ሥራ መሆኑ ነው። በማግሥቱ መኪናው ላይ ተቀመጠ፤ እግሩ ሲረግጥ ምላሱ «ጌታዬ፣ እንደምን…» ብሎ ይጀምራል። ከዚያ በኋላ የሚመጣው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ እርሱም እጅጌው ነው። እጅጌውን ደግሞ ጮኾ ቢናገር ሳንቃው ይሰማል፣ ዳቦ ጋጋሪው ይሰማል፣ እስከ ምሳ ሰዓት ተቆጣጣሪው ቤት ይደርሳል። በልቡ ለመጸለይ ሞከረ፤ ከንፈሩ እምቢ አለ። ምላሱን ለማገድ ጨርቅ የሚያያይዝባቸውን መርፌዎች በሙሉ በከንፈሩ ነክሶ ጸለየ።

«ምምም፣ ምም ምምም።»

«ምን አልክ?» አለ ጫማ ሰፊው ከሳንቃው ወዲያ።

«ምምም!»

«እኔ አልገባኝም፤ እርሱ ከገባው ግን ምንም አይደል!»

እርሱም እንዳልገባው ጋሽ ሜትር ያውቃል። መርፌዎቹን አንድ በአንድ ከአፉ ነቀለ፤ ከዚያ ወዲያ ያለ ወሬ መስፋት ጀመረ። ትክ-ትክ-ትክ ብቻ፤ የሰው ድምፅ የለም።

መንገዱ ተሸበረ። ዳቦ ጋጋሪው ትኩስ ዳቦ ይዞ መጣና ግንባሩን ዳሰሰው። «ስለ ሆዴ እንኳ አንድ ነገር በል እንጂ!» አለው። እሁድ ደግሞ «እንጸልይ» ሲባል አግዳሚው ሳይነቃነቅ ቀረ። ከመጀመሪያው ረድፍ እስከ በሩ ያለው ሰው ሁሉ ዘወር ዘወር እያለ አየ። አጠገቡ የሚቀመጡት አሮጊት በክርናቸው ጎሸም አደረጉት።

«አንተ ልጅ፣ ጉልበቴን ምን አደረግህብኝ? እርገጥ እንጂ!»

«ዛሬ አልሆነልኝም እማማ።»

«ከጌታህ ተጣላህ እንዴ?»

«አልተጣላንም። እኔ ነኝ የምሸሸው» አለና ደነገጠ፤ ለራሱም ያልነገረውን ነገር ነበር የተናገረው።

ከቤተ ክርስቲያን ሲወጣ ወደ ቤት አልሄደም። ከከተማው ዳር ወዳለው ባዶ የኳስ ሜዳ ሄደ። እዚያ ጆሮ የለም፤ ሳንቃም የለም። ሜዳው መሃል ቆሞ ዙሪያውን አየና «ጌታዬ» ብሎ ጮኸ። እግሩ ወዲያው ሣሩን መደለቅ ጀመረ። «ጌታዬ፣ ያ እጅጌ…» እግሩ ቀጥ አለ። የሚሰማው ሰው የለም፤ ቃሉ ግን አልወጣ አለ። እንደገና ሞከረ። «ጌታዬ፣ ያ…» እግሩ ተንቀሳቀሰ፣ ቆመ። ተንቀሳቀሰ፣ ቆመ።

የሜዳው ጠባቂ ዱላውን ይዞ መጣ። «አባት፣ እባብ ነው የሚረግጡት?»

«አይ፣ እየጸለይኩ ነው።»

ጠባቂው ወደ እግሩ አየ፣ ወደ አንገቱ ሜትር አየ። «ሜዳውን ሊለኩ መስሎኝ ነበር» አለና ወደ ጥላው ተመለሰ።

ጋሽ ሜትር ሣሩ ላይ ተቀመጠ። ያገደው የጎረቤት ጆሮ አለመሆኑ ያን ጊዜ ገባው። እዚህ ሜዳ ላይ ከአፉ ቢያወጣው ኖሮ የሚጠየቀው ጥያቄ አንድ ነው፤ «ለሰውየው ነገርከው?» የሚል። መልሱን ያውቀዋል። ከዚያ መልስ ነበር ሲሸሽ የሰነበተው። ሰርጉ ቢፈርስ ልጁ ታዝንበታለች፤ ምናልባትም ዕድሜ ልኳን። ሰርጉ በዝምታው ቢከናወን ደግሞ ልጁን ድሮ ሲመለስ ሱቁ ውስጥ ማን ይጠብቀዋል? ያቺ ባዶ ወንበር ትዝ አለችው። በነዚያ ቀናት እውነትም ባዶ ሆና ነበር።

ተነሥቶ ወደ ተቆጣጣሪው ቤት ሊሄድ ሲያስብ አደረና፣ ጠዋት ሱቁን ሲከፍት ተቆጣጣሪው ራሱ በሩ ላይ ቆሞ አገኘው። ልብስ ለመሞከር ከተቀጣጠሩበት ቀን ቀድሞ ነው የመጣው።

«አፋቸው ተዘጋ ሲሉኝ መጣሁ» አለ ተቆጣጣሪው፣ ኮፍያውን እያወለቀ። «በሽታ ከሆነ ከሰርጉ በፊት ማወቅ ይገባኛል። ያሳዩኝ።»

«ምኑን?»

«ምላስዎን።»

ጋሽ ሜትር ምላሱን አሳየ። ተቆጣጣሪው እንደ ትኬት አገላብጦ ካየው በኋላ «ደኅና ነው» አለና ወንበሩ ላይ ተቀመጠ። በዚህ ጊዜ የጋሽ ሜትር ባለቤት የረሳውን ሜትር አይደለም፣ ሜትሩስ አንገቱ ላይ ነው፣ የረሳውን ቁርስ ይዛ በጓሮ በኩል ገብታ ነበር። የተቆጣጣሪውን ድምፅ ስትሰማ ከልብስ መለኪያው መጋረጃ ኋላ ተወሸቀች፤ ከመጋረጃው ሥር ጫማዋ ይታያል።

ጋሽ ሜትር መኪናው ላይ ተቀመጠ። አንድ ሐሳብ መጣለት። እንደ ድሮው ለጌታ ጮኾ ቢናገረው፣ ተቆጣጣሪው አጠገቡ ተቀምጦ ይሰማው የለም? ፊት ለፊት ከመተያየት ያድናል። እግሩን አንቀሳቀሰ።

«ጌታዬ፣ እንደምን ሰነበትክ። መቼም ታውቀዋለህ፣ ያ ሱፍ…»

ቆመ። ይህ ወደ ላይ የሚሄድ ጸሎት አይደለም፤ በላይ በኩል ዞሮ ወደ ጎን የሚወርድ ነው። ጌታን ተላላኪ ማድረግ ነው። እግሩን ከመርገጫው አነሣና ወንበሩን ወደ ተቆጣጣሪው አዞረ።

«ለእርስዎ ነው የምናገረው» አለ። «ያመጡልኝን ጨርቅ አበላሽቼዋለሁ። ሁለቱንም እጅጌ የግራ አድርጌ ቆርጬዋለሁ። ካውያ አይደለም፣ አይጥ አይደለም፣ እኔ ነኝ። ትርፍ ጨርቅ እንደሌለ አውቃለሁ። የሚመስለውን በየሱቁ ፈልጌ አላገኘሁም። ያን ጊዜውኑ ልነግርዎ ሲገባኝ ስለ ልጄ ፈርቼ ዝም አልኩ። በድዬዎታለሁ።»

ከመጋረጃው ኋላ አንድ ነገር ተንኮታኮተ፤ ቁርሱ ነው።

ተቆጣጣሪው ኮፍያውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። ከዚያ እጁን ዘረጋ። «ያሳዩኝ።»

ኮቱ በሰፋፊ ነጭ ክር ለጊዜው ተያይዞ ነበር። ተቆጣጣሪው ቆመና ለበሰው፤ መስታወቱ ፊት ሄደ። የግራው እጅጌ እንደ ሐውልት እጅ አምሮ ወርዷል። የቀኙ ግን ከክርኑ ወደ ኋላ ይጎብጣል። ሰውየው በመስታወቱ ውስጥ ሲታይ ከኋላው ከተቀመጠ ተሳፋሪ በስውር ትኬት የሚቀበል ይመስላል። ክንዱን ሊያጥፍ ሞከረ፤ እጅጌው ሌላ ሐሳብ ነበረው። ጨርቁን በመዳፉ ዳሰሰ። አንድ ስም ከአፉ አመለጠው፤ ከዚያ የሌላ ሰው ስም። በሕይወት ከሌሉት ጓደኞቹ የሁለቱ ይሆናል። ጋሽ ሜትር አንገቱን ደፋ፤ ለማጽናናትም አልደፈረም።

«እኔ» አለ ተቆጣጣሪው ፊቱን ከመስታወቱ ሳይመልስ፣ «በሥራ ዘመኔ ያልሰማሁት የለም። ትኬቱን ነፋስ ወሰደው ብለውኛል። ልጁ በላው ብለውኛል። አንድ ሰውዬ እንዲያውም ‹እኔ ራሴ ሳዛጋ ዋጥኩት› ብሎኛል፤ ሐኪም ቤት ካልሄድን ብሎ አስቸገረኝ። ሳልጠይቀው፣ ገና አጠገቡ ሳልደርስ ‹ትኬት አልቆረጥኩም› ያለኝ ሰው ግን አላጋጠመኝም።» ዞሮ አየው። ተጨንቆ ነበር። «ደንቡን አላውቀውም። ለእንዲህ ያለው ምን ይደረጋል?»

«እኔም አላውቅም» አለ ጋሽ ሜትር።

«በሳንቃው በኩል የሚሰማው ሰውም ሐሳብ ካለው ይናገር» አለ ተቆጣጣሪው።

ጫማ ሰፊው ከወዲያ «እኔ የለሁም!» አለ።

ተቆጣጣሪው ኮቱን በቀስታ አወለቀና ጠረጴዛው ላይ አስተኛው። «ይጨርሱት» አለ።

«እንዴት አድርጌ?»

«እንዳለ። ሁለቱም ግራ ይሁን። ገበሩን ያግቡ፣ ቁልፉን ይትከሉ፣ አሳምረው ይተኩሱ። በሰርጉ ቀን ግን እኔ አልለብሰውም። እርስዎ ነዎት የሚለብሱት።»

ጋሽ ሜትር ኮቱን አየ፤ ከዚያ ራሱን አየ። ኮቱ እርሱን የሚያህሉ ሦስት ሰዎችን ያለ ጭቅጭቅ ይይዛል። «ጉልበቴ ድረስ ይመጣል።»

«ይምጣ። አንዲት ክር አያሳጥሩትም። ፊት ለፊት፣ እኔ አጠገብ ነው የሚቀመጡት። የጠየቀዎት ሁሉ እንዴት እንደተሰፋ ይነገረዋል።»

«እና… ሰርጉ አለ?»

«ሰርጉ ከሌለ ኮቱን የት ሊለብሱት ነው?»

መጋረጃው ተገለጠና ባለቤቱ ቁርሱ ደረቷ ላይ እንደፈሰሰ ብቅ አለች። «ይለብሰዋል! እኔ ራሴ አለብሰዋለሁ! ከፈለጉ ሱሪውንም ወደ ኋላ አድርጎ ይልበስ!»

«ሱሪው የኔ ነው» አለ ተቆጣጣሪው ቆጣ ብሎ። «ከላይ የሥራ ኮቴን እለብሳለሁ። እንግዶቹ ትኬት የምጠይቃቸው መስሏቸው በመስኮት ቢዘሉ ግን ኃላፊነቱ የእናንተ ነው።»

እርሷ ለልጇ ልትነግር እየሮጠች ወጣች። ጋሽ ሜትር ደግሞ መኪናው ላይ ተቀመጠ። ኮቱን ወደ ራሱ ሳበ፤ ያንን አያድርስ የሚያሰኝ የቀኝ ብብት ከመርፌው ሥር አስገባ፤ እግሩንም መርገጫው ላይ አሳረፈ። ተቆጣጣሪው ኮፍያውን አንሥቶ ሊሰናበት ጉሮሮውን ጠረገ።

ትክ-ትክ-ትክ።

«ጌታዬ!» አለ ጋሽ ሜትር፣ ድምፁ መስታወቱን እስኪያርገፈግፈው ድረስ። «የት ጠፋህ ልልህ ነበር፤ የጠፋሁት እኔ ነኝ! ይቅር በለኝ። የማጫውትህ ተጠራቅሞብኛል። በመጀመሪያ እጅጌው። አሁን መናገር እችላለሁ፤ ለጨርቁ ባለቤት ተነግሯል…»

ተቆጣጣሪው ጨዋታው ጋብ እስኪል ጠበቀ። ጋብ ያለ ሲመስለው አፉን ከፈተ፤ ግን ልብስ ሰፊው ዓይኑን መርፌው ላይ ተክሎ፣ አንገቱን ወደ ባዶው ወንበር ዘንበል አድርጎ የሚያዳምጥ ሰው ነበር የሚመስለው። አፉን መልሶ ገጠመው። «እሺ፣ እንዳልክ» አለ ጋሽ ሜትር፤ ሣቀም፤ ቀጠለ። ተቆጣጣሪው ሁለተኛ ሞከረ፤ አሁንም ተራ አላገኘም። ሁለት ሰዎች ምሥጢር ሲጫወቱ እላያቸው ላይ እንደ ገባ ሰው ሐፍረት ያዘው። ኮፍያውን ደረቱ ላይ አድርጎ፣ ያ ግዙፍ ሰውነቱን በጫማው ጫፍ እያራመደ፣ በሩ ሲጢጥ እንዳይል በሁለት እጁ ቀና አድርጎ ከፍቶ፣ ደኅና ይዋሉም ሳይል ወጣ።